በብስክሌት የመጣ ገንዘብ፣ በመንደር የሚቀር ውኃ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ መንደር ብቻውን የማይወጣውን ወጪ ብዙ ሰዎች ተካፍለው መሸከማቸው በገጠራችን አዲስ ነገር አይደለም። ደቦው፣ ወንፈሉ፣ እድሩና እቁቡ የቆሙት በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ይኸው አሳብ በሌሎች አገሮችም ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል። ከእነዚህም አንዱ ለበጎ ሥራ የሚውል ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚደረግ የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የግብርና ልማት ጣቢያ ከሚሠራ ጓደኛው ጋር በመሆን በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በብስክሌት ተጉዟል። የጉዞው ዓላማ በመቂና በዝዋይ መካከል ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች በአንደኛው ሥራውን ላቆመ የውኃ የእጅ ፓምፕ ማስጠገኛ ገንዘብ መሰብሰብ ነበር። ገንዘቡ ተገኝቷል፤ ፓምፑም ተጠግኗል። ይሁን እንጂ ለገበሬ ማኅበርና ለቀበሌ መሪዎች ይጠቅማል ብለን በይበልጥ የምናቀርበው የጉዞውን ድካም ሳይሆን፣ ገንዘቡ ለመንደሩ እንደሚመጣ በተሰማ ጊዜ የተነሣውን ጥያቄና ለጥያቄው የተሰጠውን መልስ ነው።

ልማዱ ከየት መጣ?

በዚህ ዓይነቱ ጉዞ ገንዘቡ የሚሰበሰበው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ወዳጆቹን፣ ዘመዶቹንና የሥራ ባልደረቦቹን እየዞረ በሚጓዘው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል እንሰጣለን የሚል ቃል ያስገባቸዋል። ሁለተኛው፣ ርቀቱ ሳይቆጠር ቁርጥ ያለ ስጦታ መቀበል ነው። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የሚሰጠው ገንዘብ ለተጓዡ አይደለም። ተጓዡ ድካሙን እንደ መያዣ አቅርቦ ለሌላው ወገን ይለምናል ማለት ነው።

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ እናቱን በካንሰር በሽታ ያጣ ቢሊ ስታር የተባለ ሰው ባዘጋጀው ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. 36 ብስክሌተኞች ተጉዘው 10,200 ዶላር ሰበሰቡ። ገንዘቡም ለካንሰር ሕክምናና ምርምር ዋለ። ፓን ማስ ቻሌንጅ የሚባለው ይህ ጉዞ ከዓመት ዓመት በመቀጠሉ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ያሰባሰበው ጠቅላላ ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። መነሻው ግን ከአንድ አነስተኛ መንደር ሕዝብ የማይበልጥ ቁጥር ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

ለገጠር ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የሁለት እንግሊዛውያን የአጎት ልጆች ጉዞ ነው። ሪቻርድ ክሬንና ኒኮላስ ክሬን እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ከባንግላዴሽ የባሕር ዳርቻ ተነሥተው፣ የሂማላያን ተራሮችና የቲቤትን አምባ አቋርጠው፣ ከየትኛውም ባሕር እጅግ ርቆ እስከሚገኘው የምዕራብ ቻይና በረሃ ድረስ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ58 ቀናት ተጉዘዋል። ጉዞው የተደረገው ኢንተርሚዲየት ቴክኖሎጂ ለተባለው ድርጅት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ሹማከር የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ይህ ድርጅት የሚታወቅበት አሳብ፣ ለገጠር ሰው የሚቀርበው መሣሪያ ዋጋው የማይከብድና የሚገለገልበት ሰው ራሱ ሊጠግነው የሚችል ይሁን የሚል ነው። እኛም በአንድ የስምጥ ሸለቆ መንደር ያየነው ይኸው አሳብ በተግባር ሲፈተን ነው።

ከቃሊቲ እስከ መቂ

የተጓዝንባቸው ብስክሌቶች በየከተማው የሚታዩ ተራ ብስክሌቶች ናቸው። ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ እያንዳንዳችን ሁለት መለወጫ ከመነዳሪ፣ ማጣበቂያና ቁራጭ ጎማ፣ መፍቻ፣ የጎማ መንፊያ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ በሶና ቆሎ ጫንን። የቃል ኪዳኑ መዝገብ በላስቲክ ተጠቅልሎ በጓደኛዬ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ለምግብና ለማደሪያ የሚያስፈልገውን ከየራሳችን ኪስ ልንሸፍን ተስማምተናል። ከሰጪዎች ገንዘብ ላይ ለመንገድ የሚወጣ አንዲት ሳንቲም እንዳትኖር መወሰናችን መዝገቡን በኋላ በሕዝብ ፊት ለመግለጥ ቀላል አድርጎልናል።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ረጅም ቢሆንም አይከብድም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ፣ መቂ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ስለሆነም በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ሲወረድ ብስክሌቱ ራሱ ይረዳል። የሚያስቸግረው የጭነት መኪና ነው። ከሞጆ ወዲህ ያለው የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት ባለመፈቀዱ በቀድሞው መንገድ ቀጠልን። ብዙው መኪና ወደ አዲሱ መንገድ ስለዞረ አሮጌው መንገድ ለጋሪና ለብስክሌት ተለቅቋል ለማለት ይቻላል።

ወሩ ጥር ስለነበር በመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍና የስንዴ ውቂያ አልቆ የጭድ ክምር ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ግድብ የፈጠረው የቆቃ ሐይቅ ካለፈ በኋላ አገሩ ሜዳ፣ ዛፉ ግራር ይሆናል። ወደ መቂ ሲቀርቡ ደግሞ በመስኖ የለማ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ይታያል። ከማሳው ዳር በሞተር የሚሳብ ውኃ በቦዩ ሲፈስ፣ በዚያው መንገድ ላይ ሴቶችና ልጆች ባዶ ጄሪካን በአህያ ጋሪ ጭነው የሚጠጣ ውኃ ፍለጋ ሲሄዱ አየን። ለሽንኩርቱ ውኃ በደረሰበት አካባቢ ለሰው የሚጠጣ ውኃ መጥፋቱ ሊያስደንቅ አይገባም፤ የመስኖ ውኃና የመጠጥ ውኃ አንድ አይደሉምና።

ሁለት ሆኖ መጓዝ ትልቅ ጥቅም አለው። ከሞጆ በኋላ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ አንዱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይከላከላል፤ ሌላው ከኋላው ተጠግቶ ያርፋል። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቦታ እንለዋወጥ ነበር። ነገሩ እንደ ጥማድ በሬ ነው፤ አንደኛው ቀድሞ ልሂድ ቢል ትልሙ ይጣመማል፣ ሌላውም ይደክማል። ጓደኛዬ ጉልበቱ ከእኔ የበረታ ቢሆንም በዳገቱ ላይ ትቶኝ አልሄደም። እኔም በሜዳው ላይ የእርሱን ተራ ጨምሬ ከፊት እሆንለት ነበር።

የመንፊያዋ ቆዳ

ዓለም ጤና ከመድረሳችን በፊት የኋላ ጎማዬን የግራር እሾህ ወጋው። ከመነዳሪውን አውጥተን ለጠፍነው። ልንነፋው ስንል ግን መንፊያው ባዶ ሆነ፤ ዘንጉ ሽቅብና ቁልቁል ይላል፣ አየር ግን አይገባም። ጓደኛዬ መንፊያውን ፈታው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ክብ ቆዳ በፀሐዩ ደርቃ ተኮማትራ ኖሯል። ቆዳዋ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ካልተጣበቀች አየሩ ወደ ጎማው በመሄድ ፈንታ በጎኗ አምልጦ ይወጣል። ለካቴናው ከያዝነው ዘይት ጥቂት ጠብ አድርጎ በጣቱ አሻሻት፤ ጠርዟን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ዘረጋት። መንፊያው ወዲያውኑ መሥራት ጀመረ። መቂ ስንደርስ በመንገድ ዳር ከተቀመጠ ብስክሌት ጠጋኝ አዲስ ቆዳ በጥቂት ብር ገዝተን ለወጥናት።

ይህችን ትንሽ ነገር የምናነሣው ያለምክንያት አይደለም። የውኃ የእጅ ፓምፕም አሠራሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከጉድጓዱ ውስጥ ባለው ቱቦ ዘንግ ይወርዳል፤ በዘንጉ ጫፍ የጎማ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋል። ቀለበቱ ካለቀ እጀታው በከንቱ ሽቅብና ቁልቁል ይላል፤ ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ ሳለ ሕዝቡ ይጠማል። በብስክሌቱና በፓምፑ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው። ለብስክሌቱ በየከተማው ቆዳዋን የሚሸጥና የሚገጥም ሰው ተቀምጧል። ለፓምፑ ግን ብዙ ጊዜ ማንም የለም።

የቆመው ፓምፕ

በማግሥቱ ማለዳ ከመቂ ተነሥተን ከዋናው መንገድ በመገንጠል ወደ ቀበሌው ገባን። ጓደኛዬ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለሆነ ከሽማግሌዎቹና ከሴቶቹ ጋር ያለ አስተርጓሚ ተነጋገረ።

ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ፓምፕ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ1981 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የውኃ አሥር ዓመት ብሎ በሰየመበት ወቅት በማላዊና በኬንያ ተሞክሮ የዳበረ ሲሆን፣ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ውኃ ለመሳብ የተሠራ ነው። ሲታቀድም መንደርተኛው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ስለሆነ፣ ዋናውን ቱቦ ከጉድጓዱ ሳያወጡ በአንድ መፍቻ ፈትቶ ዘንጉንና የጎማ ቀለበቱን ማውጣት ይቻላል። በሌላ አነጋገር፣ ለመጠገን እንዲመች ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ነው።

እንዲህም ሆኖ ፓምፑ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። አበላሸው የተባለው የጎማ ቀለበት ነው። በመጀመሪያ ውኃው እየዘገየ መምጣት ጀመረ፤ ጄሪካን ለመሙላት ቀድሞ ከሚያስፈልገው ይልቅ እጥፍ መነቅነቅ ግድ ሆነ። ሰዎች በጉልበት ሲነቀንቁት የእጀታው ማጠፊያ ላላ። በመጨረሻ ውኃው ፈጽሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ የሚቀዱት ከብቶች ከሚጠጡበት ቦይ ነበር።

የዚህን ክብደት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ ነበር። አምስት ሰዎች ላሉበት ቤተሰብ ይህ 125 ሊትር፣ ማለትም ከስድስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በላይ ነው። አንዱ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። በጀርባ የሚሸከም ሰው ይህን ሁሉ ሊያመላልስ ስለማይችል ቤተሰቡ የሚጠቀመውን ውኃ ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚቀረውም እጅ መታጠብ ነው።

ይህ ችግር የአንድ ቀበሌ ብቻ አይደለም። የገጠር ውኃ አቅርቦት መረብ የተባለው ዓለም አቀፍ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ግምት መሠረት ከሰሐራ በስተደቡብ ባሉ 20 አገሮች ከ100 የእጅ ፓምፖች 36 ያህሉ አይሠሩም ነበር።

በቀበሌው የውኃ ኮሚቴ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነበር። ፓምፑ በተተከለበት ዓመት ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጥቷል። ነገር ግን የተዋጣው ገንዘብ በመዝገብ አልሰፈረም። ገንዘቡን የያዘው ሰው ኑሮውን ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውር ስንት እንደነበረ የሚያውቅ ጠፋ። ሒሳቡ ያልታወቀ ሕዝብ ደግሞ ሁለተኛ አያዋጣም። ስለሆነም ፓምፑን ያቆመው የጎማው ቀለበት ቢሆንም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሞ እንዲቀር ያደረገው የመዝገብ መጥፋት ነው ለማለት ይቻላል።

የአሮጊቷ ጥያቄ

የመጣንበትን ጉዳይ ስናስረዳ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው መረቁን። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ግን መርቀው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ጓደኛዬ ወደ አማርኛ ሲመልሰው እንዲህ የሚል ነበር፤ «ልጆቼ፣ ዘንድሮ እናንተ በብስክሌት ደከማችሁልን። ለከርሞስ ማን ይድከምልን?»

ለዚህ ጥያቄ እኔም ጓደኛዬም መልስ አልነበረንም። መልሱን ሊሰጥ የሚችለው ቀበሌው ብቻ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ይህን ተረድተው ነገሩን ለስብሰባ ሊያቀርቡት ቃል ገቡ። እኛ ጉዟችንን ቀጠልን። በዝዋይ፣ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አድርገን፣ የላንጋኖን ሐይቅ በስተግራ ትተን፣ ማታ አርሲ ነጌሌ አደርን። ከቡልቡላ በኋላ ያለው ዳገት ጉልበት የሚፈትን ነው። በሦስተኛው ቀን በሻሸመኔ አልፈን ቀትር ላይ ሐዋሳ ገባን። በመንገዱ ሁሉ ስለ ድካማችን ብዙም አልተነጋገርንም፤ የተነጋገርነው ስለ እናቲቱ ጥያቄ ነበር።

ስብሰባው በየካቲት ወር በግራር ጥላ ሥር ተደረገ። ጓደኛዬ በአካባቢው ስለሚሠራ ተገኝቷል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንዳንዶቹ የመጣው ገንዘብ በእጃችን ይሰጠን አሉ። ሌሎች ቀድሞ ያዋጣነው ሳይታወቅ እንዴት እንደገና እናዋጣለን ሲሉ ተቃወሙ። ሴቶቹ ግን ቦዩን በማስታወስ ጉዳዩ ሳይወሰን እንዳይበተኑ ያዙ። በመጨረሻም የሚከተለው ስምምነት ተደረሰ።

ገንዘቡ በጥሬው ለማንም አይሰጥም፤ ዕቃ ተገዝቶበት ደረሰኙ ለኮሚቴው ይቀርባል። ድንጋይ፣ አሸዋ ማቅረብና የጉልበት ሥራ የመንደሩ ድርሻ ይሆናል። ፓምፑን የሚጠቀሙት 54 እማወራና አባወራዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በሰኔ፣ መቶ መቶ ብር ያዋጣሉ። ገንዘብ ያዥዋና ቁልፍ ያዥዋ ሴቶች ይሆናሉ፤ ከቦዩ የሚመላለሱት እነርሱ በመሆናቸው ፓምፑ ሲቆም በቅድሚያ የሚጎዱትም እነርሱ ናቸው። መዝገቡ በየሦስት ወሩ በሕዝብ ፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ ይነበባል። በአካባቢው ገበያ ብስክሌት የሚጠግን አንድ የቀበሌው ወጣትና አንዲት እናት ደግሞ ከወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ጋር ሆነው የፓምፑን አፈታትና አገጣጠም ይማራሉ። መፍቻ መያዝና ጎማ መለየት የለመደ እጅ ይህን ሥራ በፍጥነት ይይዘዋል የተባለው ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

ሒሳቡ

በመዝገባችን 55 ሰዎች ቃል ገብተው ነበር። ከእነዚህ 40 ሰዎች በኪሎ ሜትር 1 ብር፣ 12 ሰዎች 2 ብር፣ 3 ሰዎች ደግሞ 5 ብር ለመስጠት ተስማምተዋል። ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር በመሆኑ ከመጀመሪያዎቹ 11,000፣ ከሁለተኞቹ 6,600፣ ከሦስተኞቹ 4,125፣ በድምሩ 21,725 ብር ይገኛል ማለት ነው። አንድ ብር ቃል ከገቡት አራት ሰዎች ስላልከፈሉ 1,100 ብር ጎደለ። በእጅ የገባው 20,625 ብር ነው።

ከዚህ ውስጥ 11,300 ብር ለመለዋወጫ ዕቃ፣ 5,125 ብር ለሲሚንቶ፣ 1,200 ብር ለማጓጓዣ ወጥቷል። ቀሪው 3,000 ብር ቶሎ ቶሎ የሚያልቁት የጎማ ቀለበቶችና ሌሎች ጥቃቅን ዕቃዎች ለሁለተኛ ጊዜ እንዲገዙበት ተደርጎ ዕቃዎቹ በቁልፍ ሣጥን ተቀምጠዋል። በሲሚንቶው የፓምፑ መቆሚያ ወለልና የፍሳሽ መውረጃው ታድሷል፤ ከብት እንዳይጠጋም ዙሪያው በእሾህ ታጥሯል። ጥገናው በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ተጠናቀቀ።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጓደኛዬና እኔ ቀበሌውን ተመልሰን ባየንበት ጊዜ ፓምፑ ይሠራ ነበር። በሰኔ ከሚጠበቁት 54 ቤተሰቦች 39ኙ ከፍለው 3,900 ብር በመዝገብ ሰፍሯል። 15ቱ አልከፈሉም። ከእነርሱም ጥቂቶቹ በእርግጥ የሌላቸው ሲሆኑ፣ ሌሎቹ የሚጠብቁት መዝገቡ በትክክል መነበብ አለመነበቡን ለማየት ነው። ኮሚቴው አቅም የሌላቸውን ለይቶ ነፃ አድርጓል፤ ሌሎቹን ግን በስም እየጠራ መጠየቁን አላቋረጠም። በክረምቱ ወራት የእጀታው ማጠፊያ የሚንቀሳቀስባት የፕላስቲክ ቁራጭ አልቃ ወጣቱና እናቲቱ ከሣጥኑ አውጥተው ለውጠዋታል። ለዚህ ሥራ ከወረዳ የተጠራ ባለሙያ አልነበረም።

መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ

ከዚህ ተሞክሮ በመነሣት ለሌሎች ቀበሌዎች የሚጠቅሙትን ነጥቦች ማንሣት ተገቢ ይሆናል።

አንደኛ፣ ፓምፕ ወይም ሌላ መሣሪያ በስጦታ ሲቀርብ መሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ዋጋውን ሳይሆን መለዋወጫው የት እንደሚሸጥ ነው። መለዋወጫው በቅርብ ገበያ የማይገኝ ከሆነ አንድ ሙሉ ትርፍ ዕቃ አብሮ እንዲመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የጎማ ቀለበት እስኪበጠስ አይጠበቅም። ውኃው ለመምጣት ሲዘገይ ወይም ጄሪካን ለመሙላት የሚያስፈልገው ንቅናቄ ሲጨምር ቀለበቱ እያለቀ ነው ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ፈትቶ ማየትና የሚያልቁትን መለወጥ ከትልቅ ብልሽት ያድናል። በዚያ ጊዜ የሚደረግ ወጪ አነስተኛ ነው።

ሦስተኛ፣ መዋጮው የሚሰበሰብበት ወር ከእህልና ከአትክልት ሽያጭ ጋር ይስማማ። በነሐሴ የሚጠየቅ ገበሬ አለኝ ቢል እንኳ ከጎተራው ወደ ገበያ ማውጣት ይቸግረዋል።

አራተኛ፣ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ቀበሌዎች ማንኛውንም ጉድጓድ ከማስቆፈራቸውም ሆነ ከማስጠገናቸው በፊት ውኃው እንዲመረመር ማድረግ አለባቸው። በዚህ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ያደነድናል። ፍሎራይድ በዓይንም በጣዕምም አይታወቅም፤ ውኃውን ማፍላትም አያስወግደውም። የእኛ ሰጪዎች ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የጉድጓዱ ናሙና ተመርምሮ ከተወሰነው ልክ በታች መሆኑ ተረጋግጧል። ከልኩ በላይ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ለሌላ ምንጭ እንዲውል አስቀድሞ ተስማምተን ነበር።

አምስተኛ፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ለማድረግ የሚያስቡ የቀበሌ ወጣቶች ካሉ መሪዎች ሊያበረታቷቸው ይገባል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ የቃል ኪዳኑ መዝገብ በሁለት ሰዎች መያዙ፣ የመንገዱ ወጪ ከስጦታው ላይ አለመነካቱ፣ ከጉዞው በኋላም ሒሳቡ ለሰጪዎቹም ለተቀባዮቹም መነበቡ ግዴታ ነው። በመንገድ ላይም በነጠላ ሰልፍ መሄድ፣ በማታ አለመጓዝና ከሁለት ማነስ አለመጓዝ ሊታለፍ የማይገባው ጥንቃቄ ነው።

ከውጭ የሚመጣ እርዳታ፣ በአውሮፕላንም ይምጣ በብስክሌት፣ አንድ ጊዜ የሚደርስ ነው። መሣሪያው ግን በየቀኑ ይሠራል፤ በየቀኑም ያልቃል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ከመጪው የጥር መዋጮ በፊት በየአካባቢያቸው ያሉትን ፓምፖች ቆጥረው፣ የሚሠራውንና የቆመውን ለይተው፣ ለእያንዳንዱ ገንዘብ ያዥ፣ ቁልፍ ያዥና ጠጋኝ መኖሩን እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን። የሌለው ካለ ለመምረጥ አንድ ቀን ስብሰባ ይበቃል።